የሐሙስ ገረባና ስድስቱ ፍየሎች

ባለቤቴ ይመር አሁን ቀን ቀን ይተኛል። ዙህር ሰግዶ ሲጨርስ መደቡ ላይ ጋደም ይላል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል፤ ወዲያው ይወስደዋል። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ሲነቃ መጀመሪያ ጆሮውን ያካል፣ ቀጥሎ ክርኑን ይተክላል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል።

"ስንት ሆነ ዘይቱ?"

"ሃምሳ ደቂቃ።"

"አይ፣ እንግዲያማ እኔ መብራት ካልነካቸው ነኝ" ብሎ ይስቃል። ድሮ ሳቁ ከሆዱ ነበር የሚወጣ፤ አሁን ከጉሮሮው አያልፍም።

ነገሩን ካልነገርኳችሁ ሳቁ አይገባችሁም። ሰው "ባልሽ ሥራው ምን ነበር?" ሲለኝ "የመንግሥት ሠራተኛ" እላለሁ፤ ያልቃል። ግን የሰው ዕድሜ እንዲህ በሁለት ቃል ያልቃል እንዴ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም ማታ ማታ እስከ ስድስተኛ ዘልቄያለሁ። በዚችው ልክ ልጻፈው ብዬ ነው።

ይመር የኩታበር ልጅ ነው። አባቱ ገበሬ፣ ፍየል ወዳድ ሰው ነበሩ አሉ፤ እኔ አልደረስኩባቸውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በረታቸው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ፍየል ነበር። ይመር ያን ዘመን ሲያነሣ ስለ ሰው አያወራም። ስለ ሰው ማውራት ከብዶት ይሆናል፣ እንጃ። የሚያወራው ስለ ፍየሎቹ ነው። ጠዋት በረቱን ሲከፍት መቆም የሚችሉት ይነሣሉ፤ የማይችሉት ጆሯቸውን ያነሣሉ።

"የማበላቸው እንደሌለኝ አያውቁም እኮ" ይለኛል። "በሩ ሲከፈት ይነሣሉ።"

የመጨረሻዋ ስትሞት በረቱን ዘግቶ በእግሩ ደሴ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ደሴ ላይ የከብት ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ከብት ያዥ አድርገው ቀጠሩት። ከብት ያዥ ማለት ሐኪሙ ሲወጋ እንስሳውን የሚይዝ ማለት ነው። ሌላው ይወጋል፣ እሱ ይይዛል፤ በቃ ይኸው ነው። ሌሎቹ ያዦች በገመድ ጠልፈው ይጥሉ ነበር። ይመር ግን ግራ እጁን ከእንስሳው ጆሮ ሥር ይሰድና የሆነ ነገር ያንሾካሹክለታል፤ በሬው ይቆምለታል። "ምንድን ነው የምትላቸው?" ብዬ ስንት ዘመን ጠየቅሁት። "ቢስሚላህ ነዋ፤ ሌላማ ምን እላለሁ" ይላል። እኔንም ያገኘኝ በዚሁ ነው። የእናቴ ላም ተራጋጭ ነበረች፤ ሸዋበር ግቢያችን መጥተው ሌሎቹን ሁለት ያዦች ጣለቻቸው፣ ለሱ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። እናቴ አላህ ይርሐማትና፣ "ይህችን የያዘ ልጄንም ይይዛታል" አለች። ያዘኝም።

ስድሳ ሲሞላው ጡረታ አወጡት። ቤት ሲቀመጥ ደግሞ ታመመ፤ ምኑን እንደታመመ ሐኪምም አላወቀ። በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የእንስሳት ጥናት ቤት በኮንትራት ያዥ ትፈልጋለች ሲሉ ሰማና ሄደ። ዳነ። ጠዋት ጠዋት ከደሴ ብርድ ካፖርቱን ለብሶ ይሳፈራል፤ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ ያወልቀዋል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ በሸሚዝ ነው። ማታ ሲመለስ በግልባጩ። በዚያ ዕድሜው ያን ጠመዝማዛ በቀን ሁለቴ መመላለሱ ሲያደክመው አያለሁ፤ ግን "ተወው" ብለው አይተወውም።

ዶክተር ጽናት እዚያው የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላት፣ ስትናገር ሁለት እጇን ኪሷ የምትከት። ገጠር ስትሠራ የአንዲት ባልቴት ላም ልትቀድ የማስተኛ መርፌ ወጋቻት። ቀዶው አማረ። ላሟ ግን ቶሎ ሳትነሣ ቀረች፤ የሚያመሰኳ እንስሳ ተኝቶ ከቆየ ሆዱ ይነፋል፤ ነፋትና ሞተች። ባልቴቷ አልጮኹባትም። "ደክመሽ ነበር ልጄ" ብለው ውሃ ሰጧት። እሷን ያንገበገባት ውሃው ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ አንድ ሆነ፤ የተኛውን ቶሎ ማንሣት።

አንጎል ውስጥ ንቃትን የሚይዝ ቦታ አለ አለችን። ያን ቦታ በቀጭን ሽቦ ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ ቢነካኩት፣ መድኃኒቱ ያስተኛውን እንስሳ ቶሎ ይቀሰቅሰው ይሆን? ወይስ መድኃኒቱ ያሸንፋል? ይኸው ነው ጥያቄዋ። አሥራ ሁለት ፍየል ገዙላት። የሁሉንም ራስ ቀድዳ ሽቦ አስገባች፤ ላዩ ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል መሰኪያ ቀረች። ቁስላቸው እስኪድን ይመር እንደ አራስ ጠበቃቸው።

እኔ አንድ ዓርብ ምሳውን ይዤ ወርጄ በዓይኔ አይቻለሁ። በየዓርቡ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ መርፌ ይወጋሉ። ፍየሏ ትንገዳገዳለች፣ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ትተኛለች። ይመር አንገቷ እንዳይጠመዘዝ ራሷን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ሽቦው ለሁሉም ይሰካል፤ ኤሌክትሪኩ ግን የሚለቀቀው ለስድስቱ ብቻ ነው። ለስድስቱ ቀይ ክር አስረውላቸዋል። ከዚያ ሰዓት ይያዛል። በአራት እግሯ ስትቆም ይመር "ተነሣች!" ይላል፤ ዶክተሯ ትጽፋለች።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኪዳኑ የሚባል የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ አፉ የማያርፍ።

"እማማ ዘይቱና፣ ይዩት እስቲ ይኼን ግፍ!" አለኝ ያን ዕለት። "እኛ ሰፈር ሦስት ቀን መብራት የለም፤ ለፍየል ግን እስከ አንጎሏ ገብቶላታል።"

"አንተ ሰፈር መርፌውም አልገባ፤ ተመስገን በል" አለው ይመር።

"የኔ ሚስት ብትወጋኝ ደስ ባላት ጋሼ፤ ዝም የምልበት ሰዓት ታገኛለች።"

ዶክተሯ ሳትስቅ "አትሳቁ፣ ቁጥር ይጠፋብኛል" አለች። ወዲያው ግን ራሷም ሳቀች።

አሁን ወደኛ ቤት ልመልሳችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከዙህር በኋላ እኛ ዘንድ ወዳጃ አለ። የሰፈሩ ሴቶች እንሰበሰባለን፤ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ለታመመው፣ መንገድ ለወጣው፣ ባለፈው ክፉ ጊዜ ወጥቶ ለቀረው ልጅ። ጎረቤቴ መርየም ታስደርጋለች፣ እኛ አሚን እንላለን። ቀንበጡ ተቅሞ ጠንካራው ቅጠልና እንጨቱ ይተርፋል፤ እሱን ገረባ እንለዋለን። ዱዓ ያረፈበት ነገር ስለሆነ ጥራጊ ላይ አይጣልም፤ ለፍየል ይሰጣል። እናቴም አያቴም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያየሁ። የታመመች ፍየል ካለች ደግሞ ለሷ ይቀድማል።

ጥናቱ በጥቅምት እንደተጀመረ፣ አንድ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይመር ገረባውን በጆንያ ሲጠቀጥቅ አየሁት።

"ወዴት ነው?"

"ለፍየሎቹ።"

"ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አይበሉም አላልከኝም? ሆዳቸው ሞልቶ ከተኙ ይታነቃሉ አላልክም?"

"መኖ ነው የተከለከሉት።" ጆንያውን በሲባጎ አሰረ። "ይኼ መኖ አይደለም ዘይቱ። በረካ ነው። ለነዚያ መብራቱ ራሳቸውን ለሚነካቸው ለስድስቱ ብቻ፣ አንዳንድ እፍኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት እኮ... ይነሣሉ።"

ኩታበር ያለው በረት ታየኝ። "እንግዲያ ከላይ ያለውን ውሰድ፣ ቅጠሉ ይበዛል" ብዬ በገዛ እጄ ጨመርኩለት። ወላሂ አንድም ክፉ ነገር አልታሰበኝም። ጫት እንቅልፍ እንደሚነሣ ከኛ በላይ የሚያውቅ አለ? ወሎ ተወልደን፣ ወዳጃ ተቀምጠን! ግን ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በቦታው አያስታውሰውም። ለኛ ገረባ ማለት ዱዓ ነው፤ የፍየል ድርሻ ነው፤ መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ይጣላል ብሎ ማን አሰበ።

እንዲህ ሆኖ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ቀይ ክር የሌላቸው ስድስቱ ሃምሳ ደቂቃ ይተኛሉ፤ ቀይ ክር ያሰሩት በሃያ አምስት ደቂቃ ብድግ። ዶክተር ጽናት ሰው ሆነች። ጉንጯ ሞላ። ጥር ላይ እቤታችን ድረስ መጥታ እዚህች መደብ ላይ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ጋሽ ይመር ባይኖሩ ይኼ ጥናት አይኖርም ነበር" አለችኝ። "ፍየሎቹ ለሳቸው ነው የሚቆሙት።"

ይመር እግሩን እያየ፣ "እኔማ ይዤ ነው፤ የምትወጊው አንቺ" አላት።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ወጥታ በትልልቅ ሐኪሞች ፊት ልታሳይ ተጠርታለች። ከዚያም ገጠር ላሉ ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ማሽን ይሠራል አለች። ያችን የባልቴቷን ላም አንሥታ አላወራችም፤ ግን ሁላችንም ላሟን እያሰብን ነበር።

ረመዳን በየካቲት መጨረሻ ገባ። የክርስቲያኖቹም ዐቢይ ጾም በዚያው ሰሞን ገብቶ ነበር። ኪዳኑ "ሰውም ጾመ፣ ፍየልም ጾመች፤ እዚህ ግቢ የሚበላው ማሽኑ ብቻ ነው" ይል ነበር አሉ። እኛም ወዳጃውን ለረመዳን አቆምን፤ በጾም ቀን ማን ይቅማል? ወዳጃ ከሌለ ገረባ የለም።

የመጀመሪያው ዓርብ ይመር ፊቱ ጠቁሮ መጣ። "ዛሬ አልተነሡም" አለኝ። "ቀይ ክሮቹም አርባ ደቂቃ አልፈው ተኙ።" በሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው። ዶክተሯ ማሽኑን አስፈታች፣ አስገጠመች፤ ሽቦውን አየች፤ መድኃኒቱን ከሌላ ጠርሙስ ቀዳች። አንድም ብልሽት አላገኘችም። እንደ አጋጣሚ በዚያው ሰሞን ኪዳኑ የማሽኑን አንድ ገመድ በሌላ ቀይሮ ነበር። የጥናት ቤቱ አለቃ ይህን ሲሰሙ ነገሩ ያለቀለት መሰላቸው። ያለ ፈቃድ ገመድ ቀይሮ ጥናት አበላሽቷል ተባለ፤ ረቡዕ ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ፣ ከዚያም ሊባረር።

እሑድ ለፍጡር፣ ለጾም መፍቻው ተቀምጠን ነበር። ይመር በቴምር አፈጠረ፤ ሁለተኛውን አንሥቶ በእጁ ያዘው፤ አልበላውም።

"ዘይቱ፣ ወዳጃው ከቆመ ስንት ሐሙስ ሆነው?"

"ሁለት።"

ቴምሩን ሳህኑ ላይ መለሰው። ያኔ ለኔም ገባኝ። እጄ ላይ ያለችው የሾርባ ጭልፋ ከበደችኝ፤ አስቀመጥኳት።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። የተናገርኩትን ሳልቀንስ ነው የምጽፈው፤ ለዚሁ ነው የተቀመጥኩት።

"ዝም በል" አልኩት። "ገረባ አይናገር። ረመዳን ሲወጣ ወዳጃው ይቀጥላል፣ እነሱም ይነሣሉ፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፣ ተሠራ ይባላል። ልጅቷም አዲስ አበባዋ ትወጣለች። አንተ ብትናገር የሷንም ድካም ቀበርከው፣ አንተንም ያባርሩሃል፤ ቤት ተቀምጠህ ደግሞ እንደዚያን ጊዜ ልትታመምብኝ ነው።"

"ኪዳኑስ?"

"ኪዳኑ ወጣት ነው፤ እጁ ሙያ ያውቃል። ሥራ አያጣም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሳይቆጣ ነው ያየኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት እንስሳ ነው" አለ። "ሰው ይዤ አስወግቼ አላውቅም። አሁን ኪዳኑን ልይዝላቸው ነው?"

"አንተ አልከሰስከው።"

"ዝም ካልኩ ያዝኩት ማለት ነዋ።" ሳህኑን ገፋ አደረገው። "ደግሞ ልጅቷ ይኼን ይዛ ገጠር ትወርዳለች። የዚያች ባልቴት ዓይነት ሴት ላሟን ታመጣላታለች። ያስተኟታል፤ በማሽኑ ይነካኳታል፤ ትነሣለች ብለው ይጠብቃሉ። አትነሣም እኮ ዘይቱ። ያች ላም ገረባ አልበላችም።"

ሾርባው በረደ። ተነሥቶ መግሪብ ሰገደ፤ ከሱጁድ ሲነሣ መሬቱን በእጁ ሲደገፍ አየሁ። ያን ዕለት ነው ማርጀቱን ያወቅሁት።

ሰኞ ሄዶ ሳይናገር ተመለሰ። "አፌ አልከፈት አለኝ" አለ። ማክሰኞ አብሬው ወረድኩ። ገረባው የወጣው ከኔ ቤት ነው፣ በኔም እጅ ተጨምሯል፤ ብቻውን ልልከው አልሆነልኝም። ከጓዳ ደርቆ የቀረ ጥቂት ገረባ ነበር፤ እሱን በጆንያው ይዞ ነበር። ሐረጎ ላይ ካፖርቱን ማውለቁን ረሳ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

ዶክተሯ በረቱ ውስጥ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታገላብጣለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ጋሽ ይመር፣ ምነው በዚህ ሙቀት ካፖርት? እማማም መጥተዋል፤ ደኅና ነው?"

ይመር ጆንያውን እግሯ ሥር አራገፈው። ደረቁ ቅጠል ተበተነ። ቀይ ክር ያሰሩት ስድስቱ ፍየሎች ካሉበት ተነሥተው እየተጋፉ መጡ፤ ሌሎቹ ግን ቆመው ያያሉ። ከዚህ በኋላ ምን መናገር ያስፈልግ ነበር? እሱ ግን ተናገረ። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ዓርብ ዓርብ፣ አንዳንድ እፍኝ፣ ለስድስቱ ብቻ።

ልጅቷ ፍየሎቹን አየች፣ ቅጠሉን አየች።

"ጫት" አለች በመጨረሻ።

"ገረባ ነው" አላት ይመር፤ ልክ ልዩነት እንዳለው ሁሉ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። "አዎ። ጫት ነው ልጄ።"

"አንድም ሐሙስ አልቀረም?"

"አንድ ቀርቷል። ታኅሣሥ ላይ መርየም ለቅሶ ሄዳ ወዳጃ ያልነበረ ጊዜ።"

ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች። ፈለገች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች፤ ጣቷን አሳረፈችበት። ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተሰርዟል።

"አርባ ሁለት ደቂቃ" አለች። "ቀይ ክሮቹ ሁሉም ዘግይተው የተነሡበት ቀን። ስሕተት ነው ብዬ ሰርዤው ነበር። ከሌሎቹ ጋር አልሄድ ቢለኝ..." ደብተሩን ዘጋችው። "እውነተኛው እሱ ኖሯል። እሱን ነው የሰረዝኩት።"

ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ብትጮኽ ያርፍልኝ ነበር። እሷ ግን ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ያችን ውሃ የሰጠቻትን ባልቴት ትመስላለች አልኩ በልቤ፤ ባልቴቷን አይቻት ሳላውቅ።

"የትኞቹ እንደሚነኩ ለእርስዎ መንገር አልነበረብኝም" አለች ቆይታ። "ጥፋቱ የኔም ነው።"

"ባትነግሪኝም አውቅ ነበር። ዓይናቸው ይነግረኛል።"

ኪዳኑ ከበር ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ፈርቼ ነበር።

"ጋሼ!" አለ። "እኔ ማሽን ስፈታ ስገጥም ጣቴ አልቆ፣ ለካ ፍየሎቹ መርቅነው ነው!" ሊስቅ ጀመረና መሃል ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይመር ሄዶ ግራ እጁን ከጆሮው ሥር፣ ማጅራቱ ላይ አሳረፈለት። የሆነ ነገርም አለው። ቢስሚላህ ይሁን ሌላ፣ አልሰማሁም።

ረቡዕ ኮሚቴው ፊት የቀረበው ይመር ነው። ኪዳኑን ተዉት። ይመርን ደግሞ ዶክተሯ ለምናለት ኮንትራቱ እስኪያልቅ በር ጠባቂ አደረጉት፤ በረት እንዳይገባ፣ ለእንስሳ ምንም እንዳይሰጥ። ለአዲስ አበባዎቹ ጻፈች፤ ግንቦት ላይ አልመጣም አለቻቸው። ሁሉንም እንደገና ከሚያዝያ ጀመረች። ሌላ ያዥ ቀጠሩ፤ የቀይ ክሩን ነገር ያልሰማ፣ የትኞቹ እንደሚነኩ የማያውቅ።

እነዚያ ወራት ረጃጅም ነበሩ። ይመር ጠዋት እንደ ድሮው ይወርዳል፣ በር ላይ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይወጣል። ዓርብ ጠዋት ሲያልፍ ቀይ ክሮቹ ከአጥሩ ሥር መጥተው ይጮኹበታል። "ምን ትላቸዋለህ?" እለዋለሁ። "ፊቴን አዞራለሁ" ይላል። ሐሙስ ወዳጃችን ቀጥሏል፤ ገረባውን መርየም ለራሷ ፍየል ትወስዳለች። ይመር ሲጠረግ ካየ ወደ ውጭ ይወጣል። እንቅልፍ የጀመረውም ያኔ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዶክተሯ ሐሙስ ከሰዓት በዝናብ መጣች። ወዳጃው ሊነሣ ሲል ነበር። መርየም ጎን ገብታ ተቀመጠች፤ ክርስቲያን ናት፣ ግን ዱዓው ሲደረግ እጇን ዘረጋች፤ ወሎ ውስጥ ይኼ ብርቅ አይደለም። ሰው ሲወጣ ይመርን እንዲህ አለችው።

"አለቀ ጋሽ ይመር። ሽቦውንም አወጣሁላቸው።"

"ተነሡ?"

"ቀይ ክሮቹ በአርባ አንድ ደቂቃ። ሌሎቹ በሃምሳ።"

"ዘጠኝ ደቂቃ።"

"ዘጠኝ ደቂቃ። ትንሽ ናት። ግን አለች። እሷኑ ጻፍኩ።" እጇን ከኪሷ አውጥታ ምንጣፉ ላይ የቀረውን ቅጠል ነካች። "የመጀመሪያውንም ጽፌዋለሁ፤ የተሰረዘውንም። እንዴት እንደተሳሳትኩ።"

ይመር ዘጠኝ ደቂቃ ላም ታድን እንደሆነ ሊጠይቃት ፈልጎ እንደነበር አውቃለሁ። አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው። ለመሄድ ስትነሣ ግን፣

"ይኼ ገረባ የሚጣል ነው?" አለች።

"አይጣልም" አልኳት እኔ።

"እንግዲያ ነገ ያምጡላቸው። ከእንግዲህ ሰዓት የሚይዝባቸው የለም።"

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይመር ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ገረባውን ሲከፋፍል አገኘሁት። አሥራ ሁለት ቦታ። ከአንዱ ቆንጥሮ ለሌላው ይጨምራል፤ ደግሞ ይመልሳል። "ለሁሉም ነው?" አልኩት። "እነዚያም እኮ ጾመዋል፤ ራሳቸውም ተቀድዷል። ያኔ አላየኋቸውም" አለኝ። አሥራ ሁለቱን በአሥራ ሁለት ፌስታል ቋጠረ፤ ካፖርቱን ለበሰ፤ ወረደ።

ከዙህር በኋላ ተመለሰ። ካፖርቱን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ጋቢውን አለበስኩት።

"እንዴት ነበሩ?" አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል፤ የተኛ መስሎኝ ነበር።

"በሩን ስከፍት ተነሡ" አለኝ።